ልደቱ ስንት ነው?

(ተከታታይ ታሪክ)

ክፍል 1፦ ኢየሩሳሌም የሚያደርስ መንገድ

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሰፈር ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ጉልቻ ይጎለታል፣ ንፍሮው ይንተከተካል፣ ቡናው ይቆላል። ጭሱ እየተጎተተ ባቡሩ እስከሚያልፍበት ድልድይ ይወጣል። እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ ነው ይባላልና ልደቷም ከቤት ውጭ ይከበራል። ሰፈሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ክፍለ ከተማውም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አንድ ቃል ነው፤ ከልደት።

ዘንድሮ ንፍሮውን እየዘገንን ሳለ አንዲት የጎረቤት ልጅ አያቷን ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ እመቤታችን ዛሬ ተወለደች፤ ልጇ ደግሞ በገና። ሌላ ልደት አለ?»

«የልጇ ሁለት ነው እንጂ ልጄ» አሏት እማማ፣ ማንኪያውን ሳያስቀምጡ። «ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት።»

ልጅቷ ሁለት ጣቷን አውጥታ ቆጠረችና ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። እኔ ግን ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ። ያን መልስ የሚሰጥና ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው በአንድ ገበታ የማይቀርብበት ዘመን በዚህች አገር ነበረ። በትግራይ የካራ ሊቃውንት ልደቱ ሁለት ነው ይላሉ። በጎንደርና በሸዋ ጸጎች በመንፈስ ቅዱስ የከበረበትን ቆጥረው ሦስት ያደርሱታል። በጎጃም ደግሞ ቅባት የሚባል ሦስተኛ ወገን አለ። ሊቃውንቱ በጉባኤ ሲፋጠጡ መሳፍንቱ ጦራቸውን ይዘው ከኋላ ይቆማሉ። ነገሩ በመንግሥት ጉባኤ በመጨረሻ የተቆረጠው በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱን ሰብስበው ሁለት ልደት እንዲጸና ሲያዝዙ ነው። (በዚህ ታሪክ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የምተርክላችሁ ሰው ቦሩ ሜዳን አላየም። እሱ የተወለደው በ1791፣ ጎጃም ውስጥ ዲቦ በምትባል መንደር ነው። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን በበሽታ አጣ። በቀረችው በአንዷ ፊደል ቆጠረ፣ መጻሕፍቱን ተማረ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም ገብቶ መነኮሰ። ስሙ ገብረ ሚካኤል ይባላል።

አባ ገብረ ሚካኤል እንደ ሌላው መነኩሴ በዓታቸውን አጽንተው መቀመጥ አልሆነላቸውም። የአባቶች የምንኩስና ሥርዓት ለምን ላላ? አንድ ወንጌል የሚያነቡ ሰዎች ስለ ልደቱ ለምን ሦስት ሆኑ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳቸው። የገዳማቸውን አለቃ አስፈቅደው ጉዞ ጀመሩ። በየገዳሙ የቆዩ መጻሕፍትን ያገላብጣሉ፤ አረጋውያኑን ይጠይቃሉ። ጎንደር ገብተው ተማሩ፣ አስተማሩም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ግን ጥያቄያቸውን አገር ውስጥ እንደማይጨርሱት ገባቸው። ሐሳባቸውን ኢየሩሳሌም ላይ ጣሉ፤ ከክርስቲያኑ ዓለም ሁሉ ሊቃውንት የሚገናኙት እዚያ ነውና።

ወሬ የደረሳቸው በዚህ ጊዜ ነው። ሰሜንንና ትግራይን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሊልኩ ነው። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ አሥር ዓመት አልፏል፤ አገሩ ያለ ጳጳስ ቀርቷል፤ ቄስ የሚክን የለም። መልእክተኞቹ ከካይሮ አቡን ያመጣሉ። ከካይሮ ኢየሩሳሌም ደግሞ ሩቅ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል ጓዛቸውን ቋጥረው ከመልእክተኞቹ ጋር ተቀላቀሉ።

ጉዞውን የሚመራው ሰው የአበሻ ልብስ ለብሷል፤ ባዕድነቱን ግን ፊቱ ይናገራል። ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የሮማ ቄስ ነው። የእስክንድርያን ጳጳስ ለማምጣት የሚሄዱ የተዋሕዶ መነኮሳት የሮማ ቄስ ተከትለው ባሕር ሊሻገሩ ነው!

አባ ገብረ ሚካኤል በቅሎው አጠገብ ቆሙ። ይመለሱ ወይስ ይከተሉ?

(ሳምንት ይቀጥላል)

ክፍል 2፦ የአበሻ ልብስ የለበሰው ፈረንጅ

ባለፈው ሳምንት አባ ገብረ ሚካኤልን ከጉዞው መነሻ ላይ ቆመው ትተናቸዋል። ወደ እሳቸው ከመመለሳችን በፊት የፈረንጁን ነገር ላጫውታችሁ።

ጁስቲኖ ዴ ያኮቢስ ይባላሉ። የተወለዱት በ1800 ደቡብ ኢጣሊያ፣ ሳን ፌሌ በተባለች የተራራ ከተማ ነው፤ ከ14 ልጆች ሰባተኛው ናቸው። በ18 ዓመታቸው የገቡበት ማኅበር በ1625 ፓሪስ ውስጥ ቪንሴንት ደ ፖል የመሠረቱት ነው። ቪንሴንት ማኅበሩን ያቆሙት ሰባኪ የማይደርስላቸውን የገጠር ድሆች አስበው ነበር። ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማደሪያ የነበረው የቅዱስ አልዓዛር ቤት ስለተሰጣቸው አባላቱ «ላዛሪስት» ተባሉ። ዴ ያኮቢስም በ1836 ኔፕልስን ኮሌራ ሲመታት ከታማሚ አልጋ ሥር ያልጠፉ ካህን ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሮም ወደ ኢትዮጵያ ላከቻቸው፤ በ1839 ኦክቶበር ማለቂያ ላይ ዓድዋ ገቡ።

ያን ጊዜ የሮማ ቄስ ሆኖ ኢትዮጵያ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አገሬው የሱስንዮስን ዘመን አልረሳም። ፔሮ ፓኤዝ የተባለው ዬስዊት በ1603 መጥቶ የንጉሡን ልብ አገኘ፤ ሱስንዮስ የሮማን እምነት ተቀበሉ፤ ከዚያ ወንድም ከወንድሙ ተራረደ። በ1632 ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዬስዊቶቹ ተባረሩ። በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ሊገቡ ቢሞክሩ ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፍም ቁስሉ አልጠገገም። እናት ልጇን «ፈረንጅ ሃይማኖትህን ይወስድብሃል» እያለች ታሳድግ ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም፤ እኔ ራሴ ይህን ዓይነት ምክር ሰምቼ አድጌአለሁ።

ዴ ያኮቢስ ይህን አውቀው ነው የመጡት። ከኋላቸው የአውሮፓ ጦር አልነበረም፤ ለመኳንንቱም ጠመንጃ አላመጡም። አማርኛ፣ ትግርኛና ግእዝ ተማሩ። ልብሱን ለበሱ፤ እንጀራውን በሉ፤ ጾሙን ከአገሬው ጋር ጾሙ። በ1840 ጃንዋሪ ዓድዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰብስበው ሲናገሩ ስለ ሮማ ክብር አላነሡም። ላገለግላችሁ መጣሁ፣ ሂድ ካላችሁኝ እሄዳለሁ፣ ብትፈልጉኝ የእናንተ ነኝ የሚል መልእክት ነበር ያስተላለፉት። ሰዉ «አባ ያዕቆብ» አላቸው፤ ኋላም «አቡነ ያዕቆብ» ተባሉ። እኔም ከዚህ ወዲያ በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

ደጃዝማች ውቤ መልእክተኞቹን ይዘው ወደ ካይሮ እንዲሄዱ ሲጠይቋቸው አቡነ ያዕቆብ ተጨነቁ። የካቶሊክ ካህን ሆኖ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሊያመጣ መሄድ ምን ይባላል? ኋላ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ከካይሮ በኋላ የወደዱት መልእክተኞች ሮምን እንዲያዩ።

አባ ገብረ ሚካኤልም አልተመለሱም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚያደርስ ሌላ መንገድ አልነበራቸውምና የሚጠሉትን ፈረንጅ ተከተሉ። በ1841 መጀመሪያ ከዓድዋ ተነሥተው ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ ባሕሩን ገቡ። እንዲህ ያለ መንገድ ሰውን ያጋልጣል። ማን ውኃ ሲያንስ ቀድሞ እንደሚጠጣ፣ ማን የታመመውን እንደሚያነሣ ይታያል። ጎጃሜው መነኩሴ በአንድ ዓይናቸው ኢጣሊያዊውን እያዩ ከረሙ። ያዩትን ለማንም አልተናገሩም።

ካይሮ ደረሱ። ፓትርያርክ ጴጥሮስ 7ኛ የኢትዮጵያን መልእክተኞች ተቀበሉ፤ ያመጡትን ወርቅና ብርም ተረከቡ። ቀጥሎ ለኢትዮጵያ የታጨውን ጳጳስ አሳዩአቸው።

መልእክተኞቹ ተያዩ። የቀረበላቸው ሽማግሌ መነኩሴ አልነበረም። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ስሙ እንድርያስ ሲሆን በካይሮ የእንግሊዝ ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ተምሯል። የዚያ ሁሉ የተከፋፈለ ሊቅ አባት፣ የዚያ ሁሉ መስፍን አስታራቂ እንዲሆን የተመረጠው እሱ ነው።

ከመልእክተኞቹ መካከል አንድ ሰው ይህ አይሆንም አለ። ባለ አንድ ዓይኑ መነኩሴ ነበር። የሚቃወሙት ነገ በአገራቸው ላይ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የሚይዘውን ሰው ነው፤ እሱም ስማቸውን ልብ ብሎ ያዘ።

(ሳምንት ይቀጥላል)

ክፍል 3፦ ከመምህሩ የሚበልጠው ተማሪ

ተቃውሞው አልተሰማም። ወጣቱ ተቀብቶ አቡነ ሰላማ ተባለና ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረ። ፓትርያርኩ መልእክተኞቹ ወደ ሮም እንዳይሄዱ ተቆጡ። ከፊሎቹ ፈርተው ተመለሱ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ከአቡነ ያዕቆብ ጋር እንደገና መርከብ ከተሳፈሩት መካከል ነበሩ።

በ1841 ኦገስት ሮም ገቡ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ አክብረው ተቀበሏቸው፤ ኢትዮጵያውያኑ የሐዋርያትን መቃብር ተሳለሙ። ከሮም ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። ጎጃም ላይ የታለመው ሕልም ተፈጸመ፤ መነኩሴው የጌታን መቃብር ሳሙ። እንዲህ ያለ ጉዞ ለሌላ ሰው የዕድሜ ልክ ጨዋታ በሆነለት ነበር። ለእሳቸው ግን ጥያቄው አብሯቸው ተመለሰ።

በእምነት ያደገበትን ቤት የለወጠ ሰው በአንድ ሌሊት ተለወጠ ብለን መናገር ስለሚቀለን ይህን ላስታውስ። አባ ገብረ ሚካኤል ሮምን አይተው ካቶሊክ አልሆኑም። አገራቸው ተመልሰው ጎንደር ገቡ፣ ተከራከሩ፣ መጻሕፍቱን እንደገና አገላበጡ። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን የተቀበሉት በ1844 ነው፤ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ከተገናኙ ከሦስት ዓመት በኋላ። 53 ዓመታቸው ነበር። ተማሪው ከመምህሩ በዘጠኝ ዓመት ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

በግእዝ ግን መምህሩ ተማሪ ይሆናል። አዲግራት አጠገብ ጓላ በምትባል ስፍራ አቡነ ያዕቆብ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ዘርዓ ክህነት ከፈቱ። አባ ገብረ ሚካኤል እዚያ አስተማሩ፤ የካቶሊክን ትምህርት በግእዝ በማዘጋጀቱም ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቤተ መጻሕፍቱ ጥቂት ብራና፣ መብራቱ ጧፍ ነው። ኢጣሊያዊው ሐሳቡን ያመጣል፤ ጎጃሜው «ይህ ቃል በግእዝ እንዲህ አይባልም» ብሎ ያርመዋል። በዓይነ ሕሊናዬ እንዲህ አያቸዋለሁ፤ ሁለት አዋቂ ሰዎች በአንድ ቃል ላይ ጎንበስ ብለው።

የላዛሪስቶች ሥራ በዚህ አገር ሥር የሰደደበት ምክንያት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ዬስዊቶቹ በንጉሥ በኩል መጥተው ቅዳሴውን፣ ጾሙን፣ በዓሉን ሊለውጡ ሞክረው ነበር። አቡነ ያዕቆብ የግእዙ ሥርዓት ይጠበቅ ብለው ያዙ። ከአውሮፓ ካህናት ማምጣቱን ትተው ያገሩን ልጆች አስተማሩ። ዛሬ በአዲግራትና በአዲስ አበባ የካቶሊክ ቅዳሴ በግእዝ ሥርዓት የሚሰማው ከዚያ ዘመን ምርጫ ተነሥቶ ነው።

በ1846 ሌላ ሰው መጣ፤ የካፑቺኑ ጳጳስ ጉግሊየልሞ ማሳያ፣ አገሬው አቡነ ማስያስ የሚላቸው። ወደ ኦሮሞ አገር ለመሻገር መንገድ ሲፈልጉ ጓላ ደርሰው የአቡነ ያዕቆብን ደቀ መዛሙርት ካኑ። ይህ የአቡነ ሰላማን ቁጣ ቀሰቀሰ። አገሩ የእሳቸው ሀገረ ስብከት ነው፤ ክህነት መስጠት የእሳቸው ሥልጣን ነው። ጓላ ተዘጋ፤ ካቶሊኮቹ ተበተኑ፤ ወደ ኢሮብ ተራሮች፣ ወደ ዓሊቴና ሸሹ።

አቡነ ሰላማን ጨካኝ ብቻ አድርገው የሚስሏቸው ጽሑፎች ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያን ወጣት ሳስብ ያሳዝነኛል። በሃያዎቹ ዕድሜው ቋንቋውን የማያውቀው አገር ተላከ። በሦስት የተከፈለ ሊቅ ተቀበለው፤ ሊወስዱት ከመጡት አንዱ ገና ካይሮ ላይ ተቃወመው። አሁን ደግሞ የሱስንዮስ ታሪክ በዓይኑ ፊት ሊደገም መሰለው። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ያደረገውን ግን ወደፊት ታዩታላችሁ።

በ1849 ጃንዋሪ ምጽዋ ላይ፣ በር ተዘግቶ፣ በሌሊት፣ አቡነ ማስያስ አቡነ ያዕቆብን ጵጵስና ቀቡ። ካቴድራል የለ፣ ሕዝብ የለ፤ ተደብቀው ነው። አዲሱ ጳጳስ በ1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ካኑ። መነኩሴው 60ኛ ዓመታቸው ነበር።

ጎንደር ላይ ግን ዘመኑ ተለውጧል። ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ በ1853 ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ነሥቷል። ዙፋኑ አንድ እርምጃ ቀርቶታል፤ የሚቀባው ጳጳስ ግን ያስፈልገዋል። አቡነ ሰላማም ዋጋ ጠየቁ፤ የሮማ ቄሶች ከአገሩ ይጥፉ።

በ1854 ጁላይ አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ጎንደር ነበሩ። ካሣ ተስማማ።

(ሳምንት ይቀጥላል)

ክፍል 4፦ ግንዱ

ወታደሮቹ ሁሉንም ያዙ፤ የካቶሊኩን ጳጳስ፣ መነኩሴውንና ደቀ መዛሙርቱን። አቡነ ያዕቆብን ለብቻቸው አሰሩ። አባ ገብረ ሚካኤልንና ሌሎቹን መነኮሳት ከሳቸው ነጥለው ወሰዷቸው። ሁለቱ ወዳጆች ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ዓለም አልተያዩም።

ግንድ የሚባለውን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ትልቅ ግንድ ይቀደዳል፤ እግር በቀዳዳው ይገባል፤ ሽብልቅ ይመታበታል። ታሳሪው መነሣትም መገላበጥም አይችልም፤ ቀን በወደቀበት፣ ሌሊት በዚያው ነው። የ63 ዓመት ሽማግሌ እንዲህ ሆነው ወራት አሳለፉ። አቡነ ሰላማ በየጊዜው እያስቀረቡ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ የሮማን ሃይማኖት ካድ። ካይሮ ላይ «ይህ አይሆንም» ያለው ሰው አሁን እግሩ ግንድ ውስጥ ነው። መልሱ ያው ነበር።

አቡነ ያዕቆብን ከወራት እስር በኋላ በወታደር አጅበው ወደ ሱዳን ድንበር አባረሯቸው። ፈረንጅ መግደል የፈረንጅ መንግሥት ያመጣል፤ አበሻ መነኩሴ ግን ማን ይጠይቅለታል? ልጆቻቸውን እስር ቤት ትተው መሄድ ለአቡነ ያዕቆብ ከሰንሰለቱ የከፋ ነበር። በበረሃው ዞረው እንደገና ወደ ምጽዋ ወጡ።

በ1855 ፌብሩዋሪ ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሥቶ ማረካቸው። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ውቤ ናቸው፤ ሊነግሡባት ተስለው። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ካሣ ነገሠ። አክሊሉን የደፉለት አቡነ ሰላማ ናቸው። ስሙም ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ።

አቡን ፍለጋ ውቤ የላኩት ጉዞ እዚህ አደረሰን። ውቤ ያስመጧቸው ጳጳስ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን የውቤን ድል አድራጊ ቀቡ።

አባ ገብረ ሚካኤልን ከአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ፊት አቀረቧቸው። ቴዎድሮስ አገሩን አንድ ሊያደርጉ የተነሡ ሰው ናቸው፤ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሃይማኖት። አምባ ጫራ ላይ ጉባኤ አድርገው ሦስት ልደት የሚሉትን ሊቃውንት ዝም አሰኝተዋል። ይህ አንድ ሽማግሌ ለምን አይታዘዝም? መነኩሴው እንደ ንጉሥ አከበሯቸው፣ በሃይማኖት ግን አልታዘዙም።

በቀጭኔ ጅራት ይገረፍ ተባለ። ፀጉሩ እንደ ሽቦ ነው፤ ሥጋ ይቆርጣል። ገራፊዎቹ ተፈራረቁ። ፊታቸውን፣ በጎዋን ዓይናቸውን ሳይቀር መቱ። ሲበቃ ሞተዋል ብለው ተዉአቸው። ሽማግሌው ግን ተነሡ። ማኅበሩ የያዘው ትውፊት ዓይናቸውም አልጠፋችም ይላል። ያዩት ወታደሮች «ቅዱስ ጊዮርጊስ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ በገድሉ ሰባት ዓመት ተሠቃይቶ እየሞተ የተነሣውን ሰማዕት አስበው። ሊሰብሯቸው የታዘዙ ሰዎች ይህን ስም ማውጣታቸው እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሠራዊቱ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ሊዘምት ተነሣ። እስረኛውም በእግረ ሙቅ ሆነው ተከተሉ። ዝናብ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ዳገት አለ፤ ሰንሰለቱ ከቁርጭምጭሚት አጥንት ጋር ይፋተጋል። መንደርተኛው አዝኖ ምግብ ሲሰጣቸው ለሌሎቹ እስረኞች ያካፍሉ ነበር።

ሜይ 31 ቀን 1855 በሠራዊቱ ፊት የመጨረሻው ችሎት ተሰየመ። ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው፣ መኳንንቱ በግራ በቀኝ። በዚያ ቀን እንግዳ ነበረ፤ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን። ጥያቄው ለመጨረሻ ጊዜ ተጠየቀ። መልሱም ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሰ።

ፍርዱ ተነበበ። በጥይት ይገደል። ተኳሾቹ ጠመንጃቸውን አነሡ።

(ሳምንት ይቀጥላል)

ክፍል 5፦ ድንጋይ ትራስ

ጥይቱ አልተተኮሰም። ፕላውደንና በዙሪያው የነበሩ መኳንንት ንጉሡን ለመኑ፤ ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ይህን ምሕረት ማለት ይከብደኛል። ሰንሰለቱ አልተፈታም፤ ሠራዊቱ ጉዞውን ቀጠለ፤ እስረኛውም ተጎተቱ።

ክረምቱ ገባ። የጦር ሰፈሩን ኮሌራ መታው። በ1836 በኔፕልስ አቡነ ያዕቆብ ከታማሚዎች አልጋ ሥር ያደሩበት ያው በሽታ አሁን ወዳጃቸውን አገኘ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚያው ክረምት ጨረጫ ገባባ በተባለ ስፍራ በመንገድ ላይ አረፉ። የጠበቋቸው ወታደሮች ሰንሰለቱን ፈትተው ቀበሯቸው። የላዛሪስት ማኅበር እንደ ልጁ ይቆጥራቸዋል። በ1926 ኦክቶበር 3 ቀን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው አወጁላቸው።

በዚህ ታሪክ ያለፉት ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ? ፕላውደን በ1860 ከጎንደር ሲወጣ ሽፍቶች አቆሰሉት፤ በዚያው ሞተ። ውቤ ከእስር ሳይወጡ በ1867 አረፉ። አቡነ ሰላማ ከቀቧቸው ንጉሥ ጋር ተጣሉና መቅደላ ላይ ታሰሩ፤ በ1867 ኦክቶበር እዚያው እስረኛ ሆነው አረፉ። ያ የካይሮ ወጣት አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ቀረ። ከመቅደላ ጠባቂዎቻቸው ስለ ግንዱ ያነሣባቸው ይኖር ይሆን?

አቡነ ያዕቆብ የወዳጃቸውን ሞት የሰሙት በምጽዋ በኩል ሆነው ነው። ከዚያም ወዲያ ወደ ጎንደር አልተመለሱም። ምኩሉ፣ ሃላይ፣ ሄቦ፤ ከቆላው ወደ ደጋው፣ ከደጋው ወደ ቆላው እየተመላለሱ ተበትነው የነበሩትን ምእመናን ሰበሰቡ። የዓድዋው ደቀ መዝሙራቸው አባ ተክለ ሃይማኖት ያየውን ጽፎ አቆየልን፤ የአቡነ ያዕቆብን ሕይወት ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው በእሱም በኩል ነው። ያገሩን ልጅ ማስተማር አንዱ ፍሬው ይህ ነው፤ ታሪኩን የሚጽፍ የገዛ ልጅ ተገኘ።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላም ብዙ አየ። ኢጣሊያ ኤርትራን ስትይዝ ፈረንሳውያን ናቸው ብላ ላዛሪስቶቹን አስወጣች፤ በእነሱ ፋንታ የኢጣሊያ ካፑቺኖች ገቡ። ዓሊቴና ግን በላዛሪስቶቹ እጅ ቀረች። በቪንሴንት ደ ፖልና በሉዊዝ ደ ማሪያክ በ1633 የተመሠረቱት የፍቅር ሥራ ልጆች የሚባሉት ደናግልም ወደዚህ አገር መጥተው ድሆችን አገለገሉ። በ1961 የአዲስ አበባ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በግእዝ ሥርዓት ቆመ።

አሁን ወደ ልደታ ልመለስ። በዚህች ከተማ የልደታን ስም የያዘ ቤተ ክርስቲያን አንድ ብቻ አይደለም። የእኛ ሰፈር ስም የወጣበት የተዋሕዶው ልደታ ማርያም አለ፤ የካቶሊኮቹም ካቴድራል የልደታ ለማርያም ነው። በዚያ ካቴድራል በ1999 ሊቀ ጳጳስ የሆኑት፣ በ2015 ካርዲናል የተባሉት ብርሃነኢየሱስ ሱራፌል ላዛሪስት ናቸው፤ ከአቡነ ያዕቆብ ማኅበር። ደርግ ለወራት አስሯቸው እንደነበርም ይታወቃል። ስለ እስር ከቀደሙት አባቶቻቸው ሌላ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

ከልጅቷና ከእማማ ጋር ስለዚህ ተጫውቻለሁ። እማማ ተዋሕዶ ናቸው፤ እንደ ተዋሕዶ ነው የሚኖሩት፤ እንደዚያው ሊሞቱ ይፈልጋሉ። ስለ ግንዱ ስነግራቸው ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ኋላም «ስሙን ንገረኝ እስቲ፣ ለነፍሱ እንድል» አሉኝ። ነገርኳቸው።

የቀረኝ የአቡነ ያዕቆብ ሞት ነው።

በ1860 ጁላይ ማለቂያ ላይ ንዳድ ይዟቸው ከምኩሉ ወደ ሃላይ ተነሡ። ደጋው ከደረሱ ያገግማሉ ተብሎ ታስቦ ነው። ከቆላው ወደ ደጋው የሚያወጣው ሸለቆ በዚያ ወራት እሳት ነው፤ ጥላ የለውም። ደቀ መዛሙርቱ ደግፈው፣ በበቅሎ አስቀምጠው፣ አውርደው፣ እንደገና አስቀምጠው ተጓዙ። ጁላይ 31 ቀን መቀጠል አልተቻለም። ከመንገዱ ዳር አወረዷቸው። ቤት የለም፤ አልጋ የለም። ድንጋይ አምጥተው ትራስ አደረጉላቸው።

ዕድሜያቸው 60 ሊሞላ ወራት ቀርቶት ነበር። በዙሪያቸው የቆሙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ካህናት፣ መነኮሳት፣ ተማሪዎች። አቡነ ያዕቆብ ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ሰጧቸውም። ባረኳቸው። ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ አረፉ።

ደቀ መዛሙርቱ አለቀሱ። ከዚያም አስከሬኑን ተሸክመው ወደ ደጋው፣ ወደ ሄቦ ወጡ፤ እዚያም ቀበሯቸው።